በአንደኛ ማርሽ የወረደው ሞተር

ሞተሩ ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ገብቶ ቆሟል። የገባው በበር አይደለም፣ በመስኮት ነው። የፊት ጎማው ያልተቀመቀመ ሱሪ ላይ ወጥቷል። ከጎኑ የተገጠመችው የአንድ ሰው መቀመጫ በስፌት ማሽኑና በግድግዳው መሀል ተቀርቅራለች፤ ላይዋ ላይ ደግሞ ከመስቀያው የወደቀ ኮት አርፎባታል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ኮቱ ተሳፍሮ የመጣ ነው የሚመስለው።

ልብስ ሰፊውን ኢንስፔክተሯ ከመድረሷ በፊት ሐኪም ቤት ወስደውታል። አንድ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሕይወት አለ፣ እንዲያውም እያወራ ነው የሄደው። ይሄ ማንንም አልገረመም። ሰፈሩ «ዚፕ» ያለው እኮ እንደተበላሸ ዚፕ አፉ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ ስለሚል ነው።

«ያለ ሰው ነው የወረደው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ከዳገቱ ጫፍ፣ ከባለቤቱ ከመምህሩ በር ላይ ተነስቶ ቀጥ ብሎ መጣ። የነዳው የለም። ሞተሩም ጠፍቶ ነበር፣ ቁልፉ ቤት ነው ያለው።»

«ማርሹስ?»

ሃምሳ አለቃው ራሱም ባለሞተር ነው። ተንበርክኮ በማርሽ ሳጥኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት አየ። አይኑን ጠርጎ ደግሞ አየ።

«አንደኛ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስገርማል?»

«አንደኛ ላይ የቆመ ሞተር አይወርድማ። የእጅ ፍሬን እኮ የለውም፣ ይሄ አሮጌ ነው። ሰው ቁልቁለት ላይ ሲያቆመው አንደኛ ያስገባል፤ ጎማው ሞተሩን ካላዞረ መሄድ አይችልም፣ ሞተሩ ደግሞ እምቢ ይላል። አለቀ። ገፍተሽ እንኳን አይነቃነቅም።»

«ይሄ ግን ወርዷል።»

«ስለዚህ አንዱ ማርሹን አውጥቶ፣ ፍሪ አድርጎ ለቆታል። ከወረደ በኋላ ደግሞ መጥቶ መልሶ አስገብቶታል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚደክም?»

«የሚደብቀው ያለው ነዋ።»

ኢንስፔክተሯ የተሰበረውን መስኮት አየች። ዚፕ በዚሁ ሳምንት ጣቢያ መጥቶ ነበር። የቀድሞ ሚስቱ ወንድም «ከዚህች ሱቅ በቃሬዛ ነው የምትወጣው» ብሎኛል ብሎ አመልክቶ ሄዷል። ያን ቀን ሰምተው ስቀው ነበር፤ ሰውየው ሲያመለክት ራሱ ያስቃል። ዛሬ ግን በቃሬዛ ወጣ።

*

የቀድሞ ሚስቱ ወንድም አልጠፋም፣ አልሸሸም። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጦ ነው ያገኙት። ጺሙ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ አለ። አንገቱ ላይ የደረቀ ሳሙና አለ።

«ሞተሩ ሲወርድ የት ነበርክ ልትዪኝ ነው አይደል?» አለ ኢንስፔክተሯን ሲያያት። «ፀጉር ቤት ነበርኩ፣ ፊቴን እዪው። ይሄን ጺም ማንም ሰው ወዶ እንዲህ አያደርገውም።»

«ከዚህች ሱቅ በቃሬዛ ነው የምትወጣው ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ።» አንገቱን አቀረቀረ። «ቃሬዛውን ግን እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ደግሞ ከባድ ነው ሰውዬው፣ ምን እንደሚበላ እንጃ። እስኪያስገቡት ድረስ ስለ እህቴ እያወራኝ ነበር። ጥሩ ጥሩውን።»

ፀጉር አስተካካዩም ያንኑ መሰከረ። ምላጩ ጉንጩ ላይ እያለ ነው ሞተሩ በበሩ ፊት ያለፈው። «ባዶውን፣ ቀጥ ብሎ፣ ልክ የሆነ ነገር ረስቶ እንደሚመለስ ሰው» አለ።

ዚፕ አልጋው ላይ እግሩን ተሰቅሎ ተኝቷል። ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳትስብ ጀመረ።

«ጋሼን አትጠይቁብኝ። እሳቸውን ተዉአቸው። የእኔ ጠላት ብዙ ነው፣ ከመሀላቸው አንዱን ምረጡና ያዙ።»

«ጋሼ ማን ናቸው?»

«መምህሩ ናቸዋ። የሞተሩ ባለቤት። ማታ ማታ ዳማ እንጫወታለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ይረቱኝ ነበር፤ አሁን አሁን እኔ እረታቸዋለሁ፣ እሱም አላስደሰተኝም።» ጣሪያውን አየ። «ይረሳሉ፣ ኢንስፔክተር። ትንሽ ትንሽ። ልጃቸው ይሄንን ስትሰማ ትወስዳቸዋለች። የአረጋውያን ማቆያ አግኝታለች፣ ሩቅ ነው። አልጋው ደግሞ የአንድ ሰው ነው፣ ለሚስታቸው ቦታ የለም። አሁን ማርሽ ማስገባት ረስተው ሰው ገጩ ከተባለ... በቃ። ስለዚህ ጠላት ነው የለቀቀው በሉልኝ። እግሩ የኔ አይደለም እንዴ?»

*

መምህሩ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምሩት። ኢንስፔክተሯና ሃምሳ አለቃው ሲገቡ ከወንበራቸው ተነስተው የሞተሩን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ያዢው ልጄ። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ መቀመጥ የለበትም።»

«ጋሼ፣ ገና ምንም አላልኩም እኮ።»

«አውቃለሁ። ከመባሌ በፊት ብሰጥ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ሲያቆሙት ማርሽ አስገብተዋል?»

«አስገብቻለሁ።» ግራ እግራቸውን፣ የጫማቸውን ጫፍ አዩት፤ እሱ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ሁሉ። «ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት ሳስገባ ኖሬአለሁ፣ የዛሬው የትኛው እንደሆነ በምን ልለየው? ባለፈው ቧንቧ ከፍቼ ሄጃለሁ። ያኔም ዘግቻለሁ ብዬ እምል ነበር።»

«አስገብቷል» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ በር።

«አይተዋል እማማ?»

«አላየሁም። አውቀዋለሁ።»

«እሷ እንዲህ ናት» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። «ዳኛ ብትሆን እኔን የሚከስ ሰው አይተርፍም ነበር።» ፈገግታቸው ቶሎ ጠፋ። «ልጄ እሁድ ትመጣለች። እስከዛሬ ሳንገራግርባት ነበር። ግን የዚያን ሰው እግር በመርሳቴ ሰብሬው ከሆነ፣ እኔ ራሴ ነይ ውሰጂኝ እላታለሁ። ነገ ደግሞ ምድጃ ከፍቼ ይቺን ሰው እዚህ ላቃጥላት ነው?»

ሚስታቸው ከበሩ ጠፉ። ጓዳ ውስጥ ቀድሞ የታጠበ አንድ ሰሃን ደግመው ሲያጥቡ ተሰማ።

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ስትል፣ «ሞተሩ በቅርቡ ችግር ነበረው?» አለች።

«ከኋላ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር» አሉ መምህሩ፣ ፊታቸው ትንሽ በራ። «ይሄ ሰንሰለት የለውም፣ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ነው። ሲያረጅ መገጣጠሚያው ይላላል። ግራሶ የሚሉት ልጅ አስተካከለልኝ። አሁን ድምፁ የለም። ባለቤቴ እንኳን ከጎኔ በመቀመጫዋ ትንሽ እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሮ ነበር።»

*

ግራሶ ሜካኒክ ነው። ጋራዡ ከሰፈሩ ማዶ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የሚቀባው ቅባት ነው፣ ክርኑ ድረስ ጥቁር ነው። መምህሩ ሁለተኛ ደረጃ አስተምረውታል።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። «በቅርቡ ነው ከኋላ ገልብጬ ያየሁት። ተነቃንቆ የሚላወስ ነገር የለውም።»

«ስለዚህ እንዴት ወረደ?»

መፍቻ ይጠርግ ነበር። መፍቻው ንጹሕ ነው።

«ዕድሜ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰው ይረሳል። ምን ይደረጋል... ጋሼ ላይ አትጨክኑባቸው።»

«እኛ ማንም ላይ አልጨከንንም» አለች ኢንስፔክተሯ። እሱ መፍቻውን አስቀምጦ ሌላ ንጹሕ መፍቻ አነሳ።

ሲወጡ ሃምሳ አለቃው፣ «አዛውንቱን ይወዳቸዋል» አለ።

«ይወዳቸዋል። ግን ሞተሩ ሰው መግጨቱን ከሰማ ጀምሮ ሊያየው አልመጣም። አንተ ብትሆን አትመጣም ነበር?»

*

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ጣቢያ መጣ። ሌሊቱን ሲያስበው አድሮ ነው።

«ሞተሩን ፖሊስ እስኪመጣ የጠበቅኩት እኔ ነኝ አላልኳችሁም? ማንም አልነካውም ብያለሁ። አንድ ሰው ግን ነክቶታል፤ ሰው ብዬ ስላልቆጠርኳቸው ነው። ማለቴ... ተጠርጣሪ ብዬ።»

«ማን?»

«እማማ። የመምህሩ ሚስት። ሁላችን ዚፕን ስናነሳ እሳቸው በጎን ገብተው ሞተሩን በእግራቸው ረገጡት። ተናደው ነው ብዬ ነው፣ እኔም ሁለቴ መትቼዋለሁ ጎማውን። በኋላ ሳስበው ግን... የረገጡት ማርሹን ነው።»

ሃምሳ አለቃው ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ጃኬቷን አነሳች።

እማማን ያገኘቻቸው ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ ነው። መምህሩ ውስጥ ተኝተዋል። ገና በሩ ላይ ሳለች አይተው ገባቸው፤ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ እማማ?»

«ሞተሩን የለቀቅኩት። ሥሩን ልጠርግ ብዬ ፍሪ አድርጌው ረሳሁት። እሱ አይደለም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

«እንዴት ነው ፍሪ ያደረጉት?»

«በእጄ ነዋ።»

«ማርሹ በእግር ነው እማማ።»

እርጥብ ሸሚዝ ይዘው ነበር፣ የመምህሩን፤ እጅጌውን ደጋግመው ያስተካክሉት ጀመር።

«ፀጉር አስተካካዩ አይቶዎታል» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ሞተሩ ከወረደ በኋላ ነው የነኩት። ቀድሞ አይደለም።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ» አሉ እማማ። «ቁልቁል ስሮጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ረስቶ ይሆናል። ሰው ሳይመጣ ላስገባለት፣ ሲያዩት አስገብቶ ነበር ይበሉ። ሰው እየጮኸ እኔ ስለ ማርሽ ማሰቤ... ይቅር ይበለኝ።»

«እንዴት እንደሚገባ ያውቃሉ?»

«ጎኑ ተቀምጬ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ እግሩን ነው የማየው። ሲነሳ ወደ ታች ይረግጣል። እኔም ወደ ታች ረገጥኩ።»

«ወረደ?»

«ምኑ?»

«የረገጡት። ሲረግጡት ቀጭ ብሎ ወረደልዎት?»

«የት ይወርዳል! ድንጋይ ነው። ሁለቴ ቆሜበታለሁ በሙሉ ክብደቴ። እምቢ አለኝ።» እንባቸውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረጉ። «ለዚህ እንኳን አልሆንኩለትም።»

ኢንስፔክተሯ ዞራ ሃምሳ አለቃውን አየችው። እሱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«ከአንደኛ በታች ሌላ ማርሽ የለም» አለ። «ፍሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ሲረግጡት ይወርድ ነበር። ያልወረደው...»

«ያልወረደው ቀድሞ ስለገባ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አላስገቡም። ያስገቡት ጋሼ ናቸው።»

እማማ ሸሚዙን እንደያዙ ወደ ቤት ሊሮጡ ተነሱ። ኢንስፔክተሯ ክንዳቸውን ያዘች።

«ቆይ። አሁን ብንነግራቸው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው ያለን። ልጅዎ ታምናለች?»

እማማ ቆሙ። «አታምንም። ‹እማዬ ስለምትወጂው ነው› ትለኛለች።»

«ስለዚህ አንደኛ ላይ ያለ ሞተር እንዴት እንደወረደ ማወቅ አለብን። ይሄን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ግራሶ አለልሽ።»

«ግራሶን ሳይሆን» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ጋሼን ነው የምፈልገው።»

*

ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ የጣቢያው ግቢ ገብቷል። መምህሩ ሲያዩት ከሩቅ ቆሙ።

«እኔ አልነካውም» አሉ።

«አይንኩት። ይንገሩን፣ እሱ ይነካል» አለች ኢንስፔክተሯ ሃምሳ አለቃውን እያሳየች። «አንድ ሞተር ከኋላ መላላቱ በምን ይታወቃል?»

መምህሩ ሚስታቸውን አዩ። እማማ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቦርሳቸውን ጨብጠዋል። «ንገራቸው እንጂ» አሉ። «ለእኔ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል፤ እኔስ እንቅልፌን ነው የተኛሁት።»

መምህሩ እጃቸውን ወደኋላ አጣመሩ። የጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ መሰሉ።

«መጀመሪያ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳ። ከሥር ግንድ አድርግለት። ማርሹ አንደኛ ላይ ይሁን።»

«ነው ጋሼ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነካም።»

«አሁን ጎማውን በሁለት እጅህ ያዝ፣ ግራና ቀኙን። ወደፊት ግፋ፣ ወደኋላ መልስ። አታስጨንቀው፣ ቀስ። ትንሽ ሄዶ ቀጭ ብሎ ይይዝሃል። ያቺ ከመያዙ በፊት የሚሄዳት ትንሽ መንገድ፣ እሷ ናት ልልነቱ። አሮጌ ሁሉ አለው፣ አያሳፍርም። አንድ ጣት የማትሞላ ከሆነች ደህና ነው። ሦስት ጣት ከሆነች ግን መተኛት የለም።»

ሃምሳ አለቃው ገፋ። መለሰ። ደግሞ ገፋ።

«ጋሼ።»

«አቤት? ስንት ጣት ሄደ?»

«ጣት አይደለም። አይይዝም። ይዞራል።»

ጎማው በቀስታ ሙሉ ዙር ዞረ። መምህሩ ፊታቸው ወረደ።

«እንግዲያው ፍሪ ላይ ነው» አሉ። ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር። «አላስገባሁትም ማለት ነው።»

«ቀስቷ አንደኛ ላይ ናት ጋሼ።»

«ቀስት ትዋሻለች። ቀስትን ማመን የለም...» ንግግራቸውን አቋረጡ። አልነካም ያሉትን ረስተው፣ ወይም ትተው፣ መጥተው ተንበረከኩ። ከማርሽ ሳጥኑ ኋላ ያለችውን የላስቲክ ሽፋን በጣታቸው ገልጠው ወደ ውስጥ አዩ። ዘንጉ ታየ። ጨበጡትና ሊያዞሩት ሞከሩ።

«አይዞርም» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ፍሪ ቢሆን ይሄ ዘንግ በሁለት ጣት ይዞር ነበር። ማርሹ ይዞታል። አጥብቆ ይዞታል።» እጃቸውን ከዘንጉ ሳያነሱ፣ «ጎማውን አዙረው እስቲ ልጄ» አሉ።

ሃምሳ አለቃው አዞረው። ጎማው ዞረ። መምህሩ እጅ ውስጥ ያለው ዘንግ ንቅንቅ አላለም።

አንድ መኪና ሊወጣ ፈልጎ ጥሩምባ ነፋ፣ ማንም ዞር አላለም።

«አሁን ከላይና ከታች ያዘው፣ ወደ ጎን ነቅንቀው» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ተቀይሯል፣ ፈጥኗል። «ይላወሳል? አይላወስም። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደህና ነው። ስለዚህ ነገሩ ማርሽ ሳጥኑ አይደለም፣ ዘንጉ አይደለም፣ ኩሽኔታው አይደለም። የቀረው መጨረሻ ላይ ዘንጉና ጎማው የሚነካከሱባቸው ጥርሶች ናቸው። ፍታው። ያንን ቡሎን ፍታና ጎማውን ወደ ራስህ ሳበው።»

ጎማው ወጣ። ከመሀሉ አንድ ነገር ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ቀጫጭን የቆርቆሮ ስንጥሮች ናቸው፣ የተጨማደዱ፣ በቅባት የተለወሱ። አንዷ ላይ ግማሽ ቀይ ቲማቲም ታትሞ ይታያል።

ሃምሳ አለቃው የእጅ ባትሪ አብርቶ የጎማውን ጥርሶች አየ። «ጥርስ የታለ? ድድ ብቻ ነው የቀረው።»

«ዳገቱን ሲወጣ የመጨረሻው አለቀ» አሉ መምህሩ። «ሳቆመው ቆርቆሮው ተሸክሞት ቆየ። ቆይቶ ተቀደደ። ማርሹ እንደያዘ ነበር። የሚይዘው ጎማ ግን አልነበረውም።» መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ፣ ልክ እንደ ልጅ፣ ሱሪያቸው ግድ ሳይሰጣቸው። «አስገብቼዋለሁ» አሉ። አሁን ‹ይመስለኛል› አላሉም።

ኢንስፔክተሯ ስንጥሯን በመሀረብ አነሳች። «ይሄ ዕቃው ላይ የሚኖር ነገር ነው?»

መምህሩ ቲማቲሙን አዩት። መልሱን ያወቁት ወዲያው ነው፣ ለመናገር ግን ጊዜ ወሰደባቸው።

«ከጥገናው በፊት ሦስት ጣት ሙሉ ነበር የሚላወሰው። ሲመልስልኝ ንቅንቅ አላለም። አዲስ ዕቃ ከየት አገኘህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለዚህ ሞተር ዕቃ በዓለም ላይ እንደሌለ እያወቅኩ። ግን ደስ አለኝ። ደስ ሲልሽ ደግሞ አትጠይቂም።»

*

ግራሶን መጥራት አላስፈለገም። ሞተሩ ጣቢያ ገብቶ እየተፈታ ነው ብለው ነግረውት መንገድ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጎማው የወጣውን ሞተር፣ መሬት የተቀመጡትን መምህር አየ። መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለ፣ እሱም መሬት ላይ።

«ጥርሶቹ አልቀው ነበር ጋሼ» አለ። «‹አበቃለት› ልልዎት ቤት ድረስ መጥቼ ነበር። በር ላይ ለእማማ መቀመጫዋ ውስጥ ብርድ ልብስ ሲያነጥፉላቸው አገኘሁዎት። ለዓይናቸው ሐኪም ጋ ሊወስዷቸው ነው። አፌ አልከፈት አለ። ተመልሼ ጣሳ ቆረጥኩ፣ ጥርሶቹ መሀል ጠቀጠቅኩ፣ በቅባት ለወስኩት። በእጅ ሲሞከር ምንም የለውም። እርስዎም ነክተው ‹እጅህ ይባረክ› አሉኝ። ለጊዜው ነው ብዬ ነው፣ ዕቃ እስክፈልግ።»

«ሰው ከተገጨ በኋላስ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «‹ዕድሜ ነው› ስትለኝ?»

ግራሶ ጥቁር እጆቹን ጭኑ ላይ ገልብጦ አያቸው።

«ፈራሁ» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ረስተው ነው ሲል ሰማሁ። ዝም ብል የሚያምን አለ ብዬ... አፈርኩ ጋሼ።»

እማማ ከአግዳሚው ተነስተው መጡ። በቦርሳቸው ይመቱታል ብሎ ሃምሳ አለቃው ጠጋ አለ። እሳቸው ግን እዚያው ቆሙ። ምን እንደሚሉት የጠፋቸው ይመስላሉ፤ እሳቸውም ማርሹን ረግጠዋላ።

መምህሩ ግራሶን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ክፍል ውስጥ መልሱ ሲጠፋህ ‹አላውቅም ጋሼ› ትለኝ ነበር» አሉ። «ከሁሉም ተማሪ እሱን ወድጄልህ ነበር።» ትከሻውን ተደግፈው ተነሱ። «ለዚፕ አንተ ራስህ ትነግረዋለህ። ለኢንስፔክተሯ ደግሞ የምትጠይቅህን ሁሉ ትመልሳለህ። ከዚያ ና ቤት። አሁን ሳይሆን፣ ሲበርድልኝ።»

«ቃልህን ልቀበል፣ ግባ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከዚያ በኋላ ያለው በእጄ አይደለም።»

ግራሶ ገባ።

*

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ተቀብላ ስትጨርስ መምህሩ የሚፈርሙባት አንዲት ወረቀት ይዛ ወጣች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ስልክ እያወሩ ነው፣ ጮክ ብለው፤ ሩቅ ላለ ሰው ሲያወሩ እንዲያ ነው።

«አስገብቼ ነበር እኮ ነው የምልሽ። ፖሊስ ጣቢያ ነኝ፣ እነሱን ጠይቂ። እሁድ ነይ፣ ግን ልትወስጂኝ አይደለም፣ ምሳ ልትበዪ ነው። ...እረሳለሁ፣ አዎ። አልረሳም አላልኩም። ስትመጪ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ እኔ ባለሁበት። እሺ። እሺ የኔ እናት።»

ስልኩን ለእማማ ሰጡ።

«አንቺስ?» አሉ መምህሩ።

«እኔስ ምን?»

«እሱ ጣሳ ጠቀጠቀልኝ። አንቺ ማርሽ ረገጥሽልኝ፣ ነገሩኝ። ሌላስ? ሌላ ምን ሸፈንሽልኝ?»

«ተው አሁን። እንሂድ።»

«ንገሪኝ። ዛሬ እችላለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ወደ ውስጥ መመለስ ነበረባት፣ እግሯ ግን አልታዘዛትም።

«ማክሰኞ ቁርስ ሁለቴ በልተሃል» አሉ እማማ።

«ሁለቴም ሰጠሽኝ?»

«ጠየቅከኝ፣ ሰጠሁህ።»

መምህሩ ሳቁ። «ይሄስ ጥፋት አይደለም። ሌላስ?»

«ለልጅህ አንዱን ነገር ደጋግመህ ስትነግራት መስመር ተቋረጠ እያልኩ እዘጋዋለሁ።»

«እሺ። ሌላስ?»

እማማ የመምህሩን እጅ ያዙ፣ ጣታቸውን በጣታቸው ውስጥ አስገቡ።

«ስለ ወንድምህ ስትጠይቀኝ» አሉ፣ «ደህና ነው እልሃለሁ።»

መምህሩ ቀስ ብለው ዞረው አዩአቸው። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ፣ ደግሞ ሲሄድ፣ ደግሞ ሲመጣ ይታያል።

«ሞቷል?»

«ሞቷል የኔ ጌታ። ካቻምና።»

«ቀብሬዋለሁ?»

«ቀብረኸዋል። ቆመህ ተናግረሃል። በጣም ጥሩ ተናግረህ ነበር።»

መምህሩ አለቀሱ፣ ብዙም አልቆየም። ከዚያ የእማማን እጅ ወደ ጭናቸው ስበው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ምን አልኩ?» አሉ።

እማማ ጠጋ ብለው፣ መምህሩ በቀብሩ ላይ የተናገሩትን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው።